«ቅጠል ምን ይጎዳል?» ስለ ልጆችና አማራጭ ህክምና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጅ ሲታመም መካሪ አይጠፋም። እኩለ ሌሊት ላይ የሚያተኩስ ሕፃን ታቅፋችሁ ስልክ ስትነካኩ አንዷ «ይህን ዘይት ቀቢው» ትላለች። ሌላው «ጠብታ አለ፣ የእኛን ልጅ ያዳነ» ይላል። ሦስተኛው «ሐኪም ቤት ወስዳችሁ በኬሚካል እንዳታስጨርሱት» ብሎ ያስፈራራል። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከፍቅር የመጣ ምክር አይጠረጠርማ።

አማራጭ ህክምና ስል ሐኪም ቤት በመሄድ ፈንታ የሚሞከሩትን ሁሉ ማለቴ ነው። የዕፅዋት ድብልቅ፣ የሚቀባና የሚታጠን ዘይት፣ የሆሚዮፓቲ ጠብታ፣ «መርዝ ያወጣል» የሚባል ነገር፣ ልዩ የአመጋገብ ሥርዓት። አዋቂ ሰው በራሱ ላይ የፈለገውን ቢሞክር መብቱ ነው። ልጅ ግን ይመረጥለታል እንጂ አይመርጥም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ከተፈጥሮ የመጣ ነገር አይጎዳም»

ማርን እንውሰድ። ከማር የበለጠ ተፈጥሯዊ ነገር ከየት ይመጣል? ሆኖም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ እንደ ዘር ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ምንም ሳይሆን ያሳልፈዋል። ጨቅላ አንጀት ውስጥ ግን ይነቃል፣ ይራባል፣ ጡንቻ የሚያዝል መርዝ ያመነጫል። መጀመሪያ ሆዱ ይደርቃል። ከዚያ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ አንገቱ ይዝላል። ሲብስ ትንፋሹም ያጥረዋል። ቤት ውስጥ ማፍላት ደግሞ ያን ዘር አይገድለውም። ዓመት ላለፈው ልጅ ግን አንድ ማንኪያ ማር ሳልን ያስታግሳል፤ ሐኪሞችም ይመክሩታል። ማሩ ያው ማር ነው። የተለየው ልጁ ነው።

ዘይቶቹም እንደዚያው። የባሕር ዛፍ ዘይትና ካምፎር ሽታቸው ደስ ይላል፣ አፍንጫ ይከፍታሉ ይባላል። ትንሽ ልጅ ጥቂት ከዋጠ ግን ሊያንቀጠቅጡትና ራሱን ሊያስቱት ይችላሉ። በአንዳንድ የዱቄት መድኃኒቶችና የዓይን ኩሎች ውስጥ ደግሞ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ተገኝቷል። ሊድ የሚያድግ አእምሮን ይጎዳል። ለልጅ «ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም» የሚባልበት መጠን የለውም።

ዕፅዋትን እያጣጣልኩ እንዳይመስላችሁ። ቪንክሪስቲን የሚባለው፣ በደም ካንሰር የተያዙ ልጆች የሚወስዱት መድኃኒት የተገኘው ፔሪዊንክል ከምትባል ባለ ሮዝ አበባ ተክል ነው። አርቴሚሲኒን የተባለው የወባ መድኃኒትም የወጣው ከቅጠል ነው። ይህን ያገኙት ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። ቅጠሉ መድኃኒት የሆነው ግን ውስጡ ያለው ነገር ተለይቶ፣ መጠኑ በሚሊግራም ተለክቶ፣ ማንን እንደሚጎዳ ከታወቀ በኋላ ነው። ፔሪዊንክልን ቀቅሎ ለልጁ ያጠጣ ሰው መርዝ ነው ያጠጣው።

«ሆሚዮፓቲ ባይጠቅም እንኳ አይጎዳም»

ይህኛው ግማሹ እውነት ነው። ሆሚዮፓቲን በ1796 የጀመረው ሳሙኤል ሃነማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። አሠራሩ ማቅጠን ነው። አንድ እጅ መድኃኒት በ99 እጅ ውሃ ይበጠበጣል። ከዚያ ከተበጠበጠው አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና በ99 እጅ ውሃ ይበጠበጣል። ጠርሙሱ ላይ «30ሲ» የሚል ካለ ይህ ነገር ሠላሳ ጊዜ ተደግሟል ማለት ነው። ገና አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ ከመነሻው ነገር አንዲት ሞለኪውል መቅረቷ እንኳ ያጠራጥራል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የህክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናቶቹን ገምግሞ በ2015 መደምደሚያውን አወጣ። ሆሚዮፓቲ ለመፈወሱ አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም የጤና ችግር የለም።

ታዲያ ውሃ ምን ይጎዳል? ውሃው አይጎዳም። የሚጎዳው ውሃው እየተጠጣ የሚያልፈው ቀን ነው። በ2017 ጣሊያን ውስጥ አንድ የ7 ዓመት ልጅ የጆሮ ኢንፌክሽን ያዘው። የተሰጠው ሆሚዮፓቲ ነበር። ኢንፌክሽኑ ከጆሮው አልፎ አንጎሉ ገባ፤ ልጁም ሞተ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ በ2002 አንዲት የ9 ወር ሕፃን ከችፌ በተነሣ ችግር ሞተች። አባቷ ራሱ የሆሚዮፓቲ ባለሙያ ነበር። የቆሰለው ቆዳዋ ለኢንፌክሽን በር ከፈተ፣ ሰውነቷ መነመነ፣ ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገባ። በ2009 ፍርድ ቤት ወላጆቿን በነፍስ ማጥፋት ጥፋተኛ አላቸው። በችፌ! በቅባትና በክትትል ሊያዝ በሚችል በሽታ።

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ የጆሮ ኢንፌክሽን ያለ አንቲባዮቲክም ይለቃል። ሐኪሙ ራሱ «ሁለት ሦስት ቀን እንይ» ሊላችሁ ይችላል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም መጠበቅ ናቸው። ግን አንደኛው ጆሮው በመሣሪያ ታይቶ፣ ምን ሲመጣ እንደምትመለሱ ተነግሯችሁ ነው። ሌላኛው በጨለማ ነው።

ደግሞ ሁልጊዜም «ውሃ ብቻ» አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2016 ሕፃናት ጥርስ ሲያወጡ ስለሚሰጣቸው የሆሚዮፓቲ እንክብል አስጠንቅቋል። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ያሳወቀው የምርመራ ውጤት ቤላዶና የተባለው መርዛማ ተክል መጠኑ ከእንክብል እንክብል እንደሚለያይ፣ አንዳንዱ ላይም ከተጻፈው በእጅጉ እንደሚበልጥ ያሳያል።

«ትንሽ እንሞክርና ካልተሻለው እንወስደዋለን»

ሰውን ሁሉ የሚያሳምነው ይህ ነው። ምክንያታዊ ይመስላል። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

«ትንሽ» ስንት ነው? የትልቅ ሰው ሰውነት ስንቅ አለው። የሕፃን ስንቅ ቶሎ ያልቃል። ተቅማጥና ትውከት ያለበት ጨቅላ በአንድ ቀን ውስጥ ፈሳሽ ጨርሶ ዓይኑ ሊሰረጉድ ይችላል። ማጅራት ገትር ጠዋት ጉንፋን መስሎ ማታ ሊገድል ይችላል። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ዲግሪ ካተኮሰ ምንም የሚሞከር ነገር የለም። ያኔውኑ ይታያል።

አውስትራሊያ ውስጥ ከ2001 እስከ 2003 የሕፃናት ሐኪሞች ከአማራጭ ህክምና ጋር የተያያዙ ጉዳቶችን እንዲያሳውቁ ተጠይቀው 39 ሪፖርት ቀረበ። አራት ልጆች ሞተዋል። የአራቱም ሞት የተያያዘው መደበኛው ህክምና በአማራጩ ተተክቶ ከመቅረቱ ጋር ነበር። ቅጠሉ ወይም ጠብታው መርዞ አልገደላቸውም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ማለት ነው። ቅጠል ይዞ ቆሞ ማየት ማለት አይደለም።

ቤት ሆናችሁ ልታዩት የምትችሉት ነገር አለ። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አልነቃ ካለ ወይም ካፈዘዘው ጊዜ አይሰጥም። ትንፋሹን ደግሞ ቁጠሩ። ሲረጋጋ ደረቱን ገልጣችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ በሰዓት። የዓለም ጤና ድርጅት ፈጣን የሚለው ከሁለት ወር በታች 60 እና በላይ ነው። ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50 እና በላይ። ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 እና በላይ። ይህ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። በሚተነፍስበት ጊዜ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ደግሞ ቁጥሩንም አትጠብቁ። ቆዳው ላይ ሽፍታ ካያችሁ የመስታወት ብርጭቆ ጫን አድርጉበት። ከብርጭቆው ሥር ካልጠፋ ሩጡ።

«የእኔ ልጅ ድኖበታል»

አምናለሁ፣ ድኗል። ጥያቄው በምን ዳነ ነው። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ቫይረስ ያመጣው ተቅማጥም በሳምንት ውስጥ ይቆማል፤ ልጁን የሚያቆየው ኦአርኤስ ነው። እኛ ደግሞ ሰው ነን፤ የምንጨነቀውና አዲስ ነገር የምንሞክረው በሽታው ጫፍ ሲደርስ ነው። ከጫፍ በኋላ ቁልቁለት ነው። በማግሥቱ ሲሻለው ምስጋናው ለትናንቱ ጠብታ ይሆናል።

ደግሞ የዳነለት ያወራል። ያልዳነለት ወላጅ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ነው።

«ህክምናው ከበሽታው ይብሳል»

ለካንሰር የሚሰጠው ኬሞቴራፒ ቀላል ነው አልልም። ፀጉር ይረግፋል፣ ልጅ ያስመልሳል፣ ይደክማል፣ ወላጅ በር ላይ ያለቅሳል። ግን ከሌላው ጎን ያለውን እንየው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በልጆች ላይ በብዛት ከሚታየው የደም ካንሰር የሚተርፉት ከአሥሩ አንድ አይሞሉም ነበር። ዛሬ በሀብታም አገሮች ከአሥሩ ዘጠኝ ገደማ ይድናሉ። ለውጡን ያመጡት ዓመታት የፈጁ ሙከራዎችና የመድኃኒት ቅንጅት ናቸው። ህክምናው በመሐል ሲቋረጥ ግን ተደብቆ የቀረው የካንሰር ሕዋስ ይመለሳል። ልጁ የተሻለው ስለመሰለን «ይብቃው» ማለት እዚህ ላይ ትልቁ ወጥመድ ነው።

በአዋቂዎች ላይ የተሠራና በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ሊድን የሚችል ካንሰር ኖሮባቸው አማራጭ ህክምናን ብቻ የመረጡ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው መደበኛውን ህክምና ከወሰዱት 2.5 እጥፍ ነበር።

ኢንሱሊን ላይ ሲሆን ነገሩ በቀናት ይለካል። ከ1922 በፊት ዓይነት 1 የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ መጨረሻው ይታወቅ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ወር አንድ የ14 ዓመት ልጅ ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2014፣ ሎስ አንጀለስ አካባቢ አንድ የዕፅዋት መድኃኒት ሰጪ ለ13 ዓመት ልጅ ወላጆች ኢንሱሊኑን ትታችሁ የእኔን ስጡት አላቸው። ልጁ በቀናት ውስጥ ሞተ። ሰውየው በ2019 ጥፋተኛ ተብሏል። የዓይነት 1 ስኳር ልጅ ቆሽቱ ኢንሱሊን አይሠራም። በቅጠልም፣ በአመጋገብም፣ በፍላጎትም አይሠራም።

«መርዙ ከሰውነቱ ይውጣለት»

ይህ በተለይ የኦቲዝም ልጅ ያላቸው ወላጆች በር ላይ የሚቆም ነው። በ2005 አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ አንድ የ5 ዓመት የኦቲዝም ልጅ «ብረት ከደሙ እንዲወጣ» በተሰጠው መርፌ ሞቷል። መድኃኒቱ ካልሲየሙን አሟጥጦት ልቡ ቆመ። «ተአምረኛ ማዕድን» እየተባለ የሚሸጠው ፈሳሽ ደግሞ ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ልብስ እንደሚያነጣው በረኪና ያለ ነገር ነው። ኦቲዝም የሚወጣ መርዝ አይደለም።

ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ የተስፋፋው በ1998 ከታተመ ጽሑፍ ነው። የተመሠረተው በ12 ልጆች ላይ ነበር። መጽሔቱ በ2010 ሰርዞታል፤ ዋናው ጸሐፊም የዚያኑ ዓመት የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል። በ2019 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ከ650,000 በላይ ልጆችን ተከታትሎ በኩፍኝ ክትባትና በኦቲዝም መካከል ምንም ግንኙነት አላገኘም። ስለዚህ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም።

«ለሐኪሙ ብነግረው ይቆጣኛል»

ሊቆጣ ይችላል። አንዳንዱ ሐኪም አፉ አይጣፍጥም፣ ወላጅ የሚሸሸውም ለዚህ ነው። ይህ የእነሱ ጥፋት ነው፣ ሊያርሙትም ይገባል። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? የተሰጠውን ቅጠል የደበቀም እንደዚያው ነው። ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ወርት የተባለ ዕፅ ብዙ መድኃኒቶችን ከሰውነት ቶሎ እንዲወጡ ያደርጋል፤ ሐኪሙ ካላወቀ ያዘዘው መድኃኒት ለምን አልሠራ እንዳለ ግራ ይገባዋል። አንዳንድ ድብልቅ ጉበት ይጎዳል። ልጁ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሲመጣ ምን እንደጠጣ ካልተነገረ በከንቱ ፍለጋ ቀናት ያልፋሉ።

ስለዚህ ስትሄዱ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። ጠርሙስ ከሌለው ቅጠሉን ራሱን፣ ዱቄቱን በፌስታል። ምን ያህል እንደሰጣችሁትና ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር ስልካችሁ ላይ ጻፉት። በር ላይ ስትደርሱ ከሁሉም በፊት እሱን ተናገሩ። ቁጣ ቢኖር ልጁ ከታየ በኋላ ይደረስበታል።