«ሽልማቱን ከፍ ብናደርገውስ?»፦ ስለ ቴሌቪዥን የጨዋታ ፕሮግራሞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሰሞን ሦስት ወጣቶች ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳለ አንድ ካፌ ጠሩኝ። የቴሌቪዥን የጨዋታ ፕሮግራም ሊሠሩ አስበዋል። እኔ ደግሞ ለዓመታት ለበዓል ዝግጅቶችና ለትምህርት ቤት ውድድሮች ጥያቄ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ጋሼ፣ ካሜራ ከመከራየታችን በፊት አንዴ ይዩልን» አሉኝ። ማኪያቶ አዘዝንና ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ሥራውንም ከልባቸው ይወዱታል። ግን ወረቀቱ ላይ ካሰፈሩት አብዛኛው፣ ሰው ሁሉ የሚያምንበት፣ ሲሞከር ግን የማይሠራ ነገር ነው። አንዳንዱን እኔም በእነሱ ዕድሜ አምንበት ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ አንድ በአንድ ስናነሳው ዋልን። የሚጠቅመው ሰው ይኖራል ብዬ ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሽልማቱ ትልቅ ከሆነ ሰው ያየዋል»

የወረቀታቸው የመጀመሪያ መስመር «አሸናፊው መኪና ይወስዳል» ይላል። የጨዋታው ሕግ የተጻፈው ከዚያ በታች ነው። መቅደም ያለበት ሕጉ ነበር።

እንግሊዞች «ካውንትዳውን» የሚባል የፊደልና የቁጥር ጨዋታ አላቸው። ቻናል 4 የተባለው ጣቢያ በ1982 ሥራ ሲጀምር ከሁሉ ቀድሞ የታየው ፕሮግራም እሱ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቷል። የታወቀበት ሽልማት የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። በ1972 በቢቢሲ የጀመረው «ማስተርማይንድ» ደግሞ የሚሸልመው የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ነው። ተወዳዳሪው ጥቁር ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጣል። መብራቱ እሱ ላይ ብቻ ይበራል። ጥያቄ ይዘንብበታል። ሐሳቡን ያመጣው ቢል ራይት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተማርኮ ምርመራ የደረሰበት ሰው ነበር። ያንን ጭንቀት ወደ ጨዋታ ቀየረው። ተመልካቹን የያዘው ሳህኑ አይደለም፤ ወንበሩ ነው።

በ2013 የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ «ሚሊዮን ሰከንድ ኩዊዝ» የሚል ፕሮግራም አመጣ። ጨዋታው ቀንና ሌሊት ለአንድ ሚሊዮን ሰከንድ፣ ማለትም ለ11 ቀን ተኩል ገደማ የሚሄድ ነበር። አሸናፊው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰደ። ታዋቂ አቅራቢ ነበረው፣ ማንሃተን ውስጥ ልዩ ስቱዲዮ ተሠርቶለታል። ግን ማን ከማን ጋር እንደሚወዳደር፣ ገንዘቡ መቼ የማን እንደሚሆን ማስረዳቱ ብቻ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

«ታዲያ ‹ማን ሚሊዮነር መሆን ይፈልጋል?› በገንዘቡ አይደለም እንዴ የታወቀው?» አለኝ አንዱ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1998 እንግሊዝ ውስጥ ሲጀምር አንድ ሚሊዮን ፓውንድ እውነትም ትልቅ ወሬ ነበር። ልብ የሚያንጠለጥለው ግን ሌላ ነው። ተወዳዳሪው ጥያቄውን ካየ በኋላም «በቃኝ» ብሎ ያገኘውን ይዞ መሄድ ይችላል። ቀጥሎ ከተሳሳተ ብዙውን ያጣል። ቤት ያለው ሰው ከገንዘቡ ሳንቲም አይደርሰውም፤ ሆኖም «ተው፣ ይብቃህ!» እያለ ይጮኻል። ገንዘቡ የሚሠራው ሊጠፋ ስለሚችል ነው። መጨረሻ ላይ ቆማ የምትጠብቅ መኪና ይሄ ኃይል የላትም።

«ጥያቄው ከበድ ካለ ፕሮግራሙ ይከበራል»

ይሄኛውን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ጣቢያ የትንሣኤ ዝግጅት ጥያቄ ጻፍኩ። ሳምንት ሙሉ መጽሐፍ ሳገላብጥ ከርሜ፣ ማንም በቀላሉ የማይመልሰው አዘጋጀሁ። ቀረጻው ላይ እንግዶቹ ዝም አሉ። አቅራቢው መልሱን ተናገረ። ቀጣዩም እንደዚያው ሆነ። አዳራሹ ቀዘቀዘ። በበዓሉ ቀን ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲያይ ታናሽ እህቴ ጣቢያውን ቀየረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄ ስጽፍ የማስበው እሷን ነው።

ጥሩ ጥያቄ ሰው «ምላሴ ላይ ነው ያለው!» የሚለው ዓይነት ነው። አንድን መቶ ሰው ጠይቆ፣ ብዙዎቹ ምን እንዳሉ የሚያስገምተው የአሜሪካኖቹ የቤተሰብ ውድድር ከ1976 ጀምሮ የቆየው በዚህ ነው። እዚያ ላይ የተማረም ያልተማረም እኩል ነው። አያትም የልጅ ልጅም አፋቸውን ሞልተው ይመልሳሉ። እኛም ጋ በኢቢኤስ ነፃነት ወርቅነህ የሚመራው «የቤተሰብ ጨዋታ» ሲታይ ሳሎኑ ሁሉ አብሮ ይመልሳል።

«ትንሽ ብናስተካክለው ማን ያውቃል?»

ይህን ከልጆቹ አንዱ ቀስ ብሎ ነው ያነሳው። ተወዳዳሪዎቹ ዝም ካሉብን አስቀድመን ፍንጭ ብንሰጣቸውስ? ለእነሱም ያስቡላቸዋል፤ በክፋት አላሉትም። የአሜሪካኖቹም ትልቁ የማጭበርበር ቅሌት የጀመረው እንዲሁ ነው።

በ1956 «ትዌንቲ ዋን» የሚባል የጥያቄ ውድድር ተጀመረ። በመጀመሪያው ዕለት ነገሩ በእውነት ተካሄደ። ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሳቱ። ስፖንሰሩ ተቆጣ። አዘጋጆቹ መልስ አስቀድሞ መስጠት ጀመሩ። ሲቆይ ማን እንደሚያሸንፍ፣ መቼ ላቡን እንደሚጠርግ ጭምር ያስጠኑ ነበር። ኸርበርት ስቴምፔል የተባለው ተወዳዳሪ ደጋግሞ ያየውን፣ የሚወደውን ፊልም ስም እንዲስት ታዘዘ። ሳተ፤ ተሸነፈ። ቦታውን የወሰደው ቻርልስ ቫን ዶረን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በአንድ ጊዜ የሀገር ጀግና ሆነ። በ1959 ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ሁሉንም አመነ። በማግስቱ ዓመት እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጣ። በዋናው የምሽት ሰዓት ትልቅ ገንዘብ የሚያስይዝ የጥያቄ ውድድር ለዓመታት ጠፋ። አንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም የወደቀው፤ መንደሩ በሙሉ ነው የተቃጠለው።

ከዚያ አመድ ውስጥ ግን አንድ ድንቅ ነገር ወጣ። መርቭ ግሪፈን የተባለው አዘጋጅ ከባለቤቱ ከጁላን ጋር አውሮፕላን ውስጥ እያወሩ ነው። መልስ መስጠት ወንጀል ከሆነ፣ አለች እሷ፣ ለምን መልሱን ሰጥተን ጥያቄውን አናስጠይቅም? «ጀፐርዲ» የተወለደው እንደዚያ ነው። በ1964 ጀመረ፤ እስከ ዛሬም አለ።

የኛ ተመልካች በባሕሪው ተጠራጣሪ ነው። «ተነጋግረውበት ነው» የምትለዋ ቃል ቶሎ ትመጣለች። አንድ ጊዜ ከተባለች ደግሞ አትመለስም። ልጆቹን የለመንኳቸው አንድ ነገር ቢኖር ይሄን ሐሳብ እዚያው ካፌ ውስጥ ትተውት እንዲሄዱ ነው።

«ዕድል ብቻ የሆነ ጨዋታ ሰውን ይሰለቸዋል»

«ዲል ኦር ኖ ዲል» ላይ አንድም የዕውቀት ጥያቄ የለም። በአሜሪካው ላይ 26 ሻንጣ አለ። በውስጣቸው ከ1 ሳንቲም እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ተጽፏል። ተወዳዳሪው አንዱን ለራሱ ይይዛል፤ ከሌሎቹ የተወሰኑት በየዙሩ ከተከፈቱ በኋላ «ባንኩ» ለያዘው ሻንጣ ዋጋ ያቀርብለታል። ትሸጣለህ ወይስ ትቀጥላለህ?

ይሄን ለማስረዳት ዕቁብን አነሳሁላቸው። ዕጣ የወጣለት ሰው ለቸገረው ሲሸጥ፣ ስንት ይበቃል ብሎ ሲያመነታ አላየንም? እሱ ነው። ሻንጣው ዕድል ነው፤ ውሳኔው ግን የሰው ባሕርይ ነው። ሪቻርድ ቴለር የሚባለው፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ፕሮግራም አጥንቶ በ2008 ጽፎበታል። ትልልቁ ቁጥር የጠፋበት ተወዳዳሪ ከመጠንቀቅ ይልቅ ይበልጥ እንደሚዳፈር አይተዋል። ቁማር የተበላ ሰው የሚያደርገውን ማለት ነው። ቤት ያለው ሰው ይሄን ሲያይ ዝም ማለት አይችልም።

«አቅራቢው ታዋቂ ከሆነ ይበቃል»

ባጭሩ ልለፈው። እንግሊዛዊቷ አቅራቢ አን ሮቢንሰን በ2000 በቢቢሲ የጀመረችው «ዊኬስት ሊንክ» የተባለ የጥያቄ ውድድር ላይ ተወዳዳሪን በኃይለ ቃል ታሰናብት ነበር። እንግሊዞች ወደዱላት፤ እስከ 2012 ቆየ። አሜሪካ ሄዳ በኤንቢሲ ያንኑ አቀረበች፤ ከ2001 እስከ 2002 ብቻ ነው የዘለቀው። ሴትዮዋ ያቺው ናት፣ ጨዋታው ያው ነው። እዚህ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት ሲዘለፍ ብናሳይ ተመልካቹ የሚያዝነው ለተዘለፈው ነው። በእኔ ግምት አቅራቢ ማለት እንግዳ ተቀባይ ነው። ለዚህ ነው በህንድ አሚታብ ባቻን ከ2000 ጀምሮ የሚሊዮነሩን ጨዋታ የመሩበት መንገድ የተወደደው። የፈራውን ገበሬ እንደ ቤታቸው እንግዳ ነው የሚያስቀምጡት።

«ከተወደደ በየቀኑ እናሳየው»

የአሜሪካው ኤቢሲ የሚሊዮነሩን ጨዋታ በ1999 ክረምት ለሁለት ሳምንት ያህል አሳየና ሀገሩን አናወጠ። ቀጥሎ በሳምንት እስከ አምስት ምሽት አደረሰው። በ2002 ከምሽቱ ሰዓት ወጣ። ዶሮ ወጥ የሚናፈቀው በየቀኑ ስለማይበላ ነው አልኳቸው፤ ገባቸው።

«ውጭ የሠራ እዚህም ይሠራል»

ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ይሄ ነበር። «ዊል ኦፍ ፎርቹን»ን በአማርኛ መሥራት። መንኮራኩር ይሽከረከራል፣ ተወዳዳሪው ፊደል ይጠራል፣ የተደበቀው ሐረግ ይገለጣል። በአሜሪካ ከ1975 ጀምሮ አለ። ሐሳቡን ወደድኩት። ግን «ፊደል ይጠራል» የሚለው ላይ እርሳስ አስቀመጥኩ።

እንግሊዝኛ 26 ፊደል ነው ያለው። አናባቢዎቹ አምስት ስለሆኑና ብዙ ቦታ ስለሚገቡ ተወዳዳሪው በ250 ዶላር ይገዛቸዋል። የኛ ፊደል ግን 33 ቤት አለው። በሰባት ሲባዛ፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር፣ 231 ይሆናል። አናባቢው ደግሞ ከፊደሉ ጋር ተጣብቋል፤ ለብቻው ሊሸጥ አይችልም።

ናፕኪን ላይ 13 ሳጥን ሠራሁ። ሁለት፣ አራት፣ አራት፣ ሦስት። የደበቅኩት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነው። ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። አንዷ «በ» አለች። አንድ ሳጥን ብቻ ተከፈተ፣ «አንበሳ» ውስጥ ያለችው። «ቢ» እና «ብ» ተዘግተው ቀሩ። ሌላው «ለ» አለ። የለም። «ተ»፤ የለም። «ካ»፤ የለም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፊታቸው ላይ መሰልቸት አየሁ። ቴሌቪዥን ቢሆን ሰው ጣቢያ ቀይሯል።

ከዚያ ሕጉን ቀየርን። ፊደል ሳይሆን ቤት ይጠራ። «የ‹በ› ቤት» ሲባል ሦስቱም፣ ቢም ብም በም፣ ይከፈቱ። በዚህ ሐረግ ውስጥ ያሉት ሰባት ቤቶች ብቻ ናቸው፦ ደ፣ ረ፣ በ፣ የ፣ አ፣ ነ፣ ሰ። ጨዋታው ነፍስ ዘራ።

ሌላም ነገር አለ። «ፀሐይ» ብትደብቅ፣ ተወዳዳሪው «ሀ» ሲል ይከፈታል ወይስ አይከፈትም? በየትኛው ጸ? በየትኛው ሐ? እዚያው ጠረጴዛ ላይ ክርክር ተነሳ። እኔ ሆሄያቱ በቦታቸው እንዲጻፉ የምወድ ሰው ነኝ። ለጨዋታ ግን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው አብረው ይከፈቱ አልኩ። ሰሌዳው ላይ በትክክለኛው ሆሄ ይጻፍ፤ ተመልካቹ እያየ ይለምደዋል።

እንግዲህ ፎርማት፣ ማለትም የውጭ ጨዋታን እዚህ የመሥራት ፈቃድ ከነአሠራሩ ሲገዛ፣ እንዲህ ያለው ነገር በአሠራር ጥራዙ ውስጥ ተጽፎ አይመጣም። እኛው ነን የምንሠራው። የራሳችን ጨዋታ ደግሞ እጃችን ላይ አለ። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ!» እያለ ያላደገ የለም። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ወንዝ ነው። መልሱን ያጣ ሰው ሀገር ይሰጣል። ጠያቂው የቀረበለትን ሀገር አልፈልግም ብሎ ሌላ መጠየቅ ይችላል። ሳንቲም የለበትም፤ ሆኖም ጎንደርን ወይ ሐረርን አሳልፎ መስጠት ሕፃንን ያንገበግባል። የሚጠፋ ነገር አለው፣ ድርድር አለው፣ ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ይገምታል። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ አንዷ ብዕር አነሳችና «የሀገር ካርታ፣ ትልቅ፣ ወለል ላይ» ብላ ጻፈች።

ናፕኪኑን እንደገና አዘጋጀሁ፣ ያንኑ ሐረግ፣ በአዲሱ ሕግ። ልጁ «የ‹ረ› ቤት» አለ። ሦስት ር ተከፈቱ፤ አንዱ ሁለተኛው ሳጥን ላይ፣ ሌሎቹ ሁለቱ በቃላቸው መጨረሻ። ሒሳብ ይዛ የመጣችው አስተናጋጅ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። «ድር ቢያብር!» አለች፣ ልጆቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ። ሒሳቡን አስቀመጠች፤ ግን አልሄደችም። «ሌላ ይጻፉ እስቲ» አለችኝ።