የኩላሊት እጥበት ምንድን ነው? የሚታጠበው ኩላሊቱ አይደለም

«ኩላሊቱን ታጥቦ ዳነ» ሲባል ከእንግዲህ ዝም ማለት አልችልም። ሰሞኑን አንድ ሰው የታመመ ዘመዱን ሲመክር ሰማሁ። «ጎረቤታችን ሦስት ሳምንት ታጥቦ ተላቀቀ። አንተ ስምንት ወር ሙሉ? ብርህን ሊጨርሱት ነው፣ ተወው!» ታማሚው ምክሩን ቢሰማ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። እጥበት ሲባል ኩላሊቱ ጸድቶ እንደ አዲስ የሚሠራ ይመስላል። ማሽኑ ኩላሊቱን አይነካውም። የሚያጣራው ደሙን ነው፤ ቆሻሻውንና ትርፍ ውሃውን አስቀርቶ ደሙን ይመልሳል። ኩላሊቱ እንደታመመ ነው።

የፍሳሽ ቱቦው የተደፈነበት ቤት አስቡ። ቧንቧው አይዘጋም፣ ውሃው ሌት ተቀን ይወርዳል። ማሽኑ ውሃውን በባልዲ እየቀዳ የሚደፋ ሰው ነው። ቱቦውን አይጠግንም። ጤነኛ ኩላሊት በሳምንት 168 ሰዓት ይሠራል። ባለ ባልዲው የሚመጣው በሳምንት 3 ቀን ለ4 ሰዓት ያህል ነው፤ ሲደመር 12 ሰዓት። እኛ አገር በገንዘብ እጦት 2 ቀን ብቻ የሚታጠበው ብዙ ነው። እሱ በማይመጣባቸው ቀናት ውሃው ከወለሉ አልፎ አልጋው ድረስ ይወጣል። አልጋው ሳንባና ልብ ነው። በሁለት እጥበቶች መሃል ያለው ክፍተት ሲረዝም ሞት እንደሚጨምር በጥናት የታየውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ጎረቤትየው እንዴት ተላቀቀ? የእሱ ኩላሊት የቆመው ድንገት ቢሆን ነው። ከባድ ወባ፣ ኃይለኛ ተቅማጥ፣ በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ብዙ ደም ኩላሊትን ባንዴ ሊያስቆሙ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ኩላሊት ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ያገግማል። ማሽኑ እስከዚያ ሰውየውን አቆየው፤ ኩላሊቱን አልፈወሰም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ለዓመታት የጎዳው ኩላሊት ግን ጠባሳ ሆኗል፤ ጠባሳ አይመለስም። (ሁለቱ የሚደራረቡበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ሐኪም «ትንሽ እንይ» ቢላችሁ ሊያታልላችሁ አይደለም።)

ከዚሁ ስም የመጣ ሌላ ምክር አለ፤ «ውሃ ጠጪ፣ ኩላሊትሽን ያጥብልሻል።» ሽንት ለማይሸና ታማሚ ይህ ቧንቧውን አብዝቶ መክፈት ነው። ጠበል መጠመቅ ሌላ ነገር ነው፣ በሊትር መጠጣት ግን ሳንባን በውሃ ይሞላል። እባካችሁ ይህን ለእናቶቻችን በፍቅር ንገሩልኝ።

በሌላ ጫፍ ደግሞ «እጥበት የገባ አይቆይም» የሚል አለ። አሜሪካ ውስጥ እጥበት ከጀመሩት መካከል ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ከግማሽ ያንሳሉ። እውነት ነው። ግን እነማን ናቸው? ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ስኳርና የልብ ሕመም የተደራረበባቸው ናቸው። የ30 ዓመት ወጣት ዕድሜውን በዚያ ቁጥር አይለካም። በ1960 እ.ኤ.አ. ሲያትል ውስጥ ቋሚ እጥበት የጀመረው ክላይድ ሺልድስ፣ ቴክኖሎጂው ገና ጨቅላ በነበረበት ዘመን 11 ዓመት ኖሯል። በጣም ላረጁና ብዙ ሕመም ላለባቸው ግን እጥበቱ የሚጨምረው ዕድሜ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ለእነሱ ሥቃይን እያስታገሱ ማቆየትም ሕክምና ነው፤ ይህን የመረጠ ቤተሰብ አይወቀስ።

ቱቦውን የሚተካው ንቅለ ተከላ ነው። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ለሚመቸው ሰው ከእጥበት የተሻለ ዕድሜ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ግን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ ነው።

እጥበት ሲታዘዝላችሁ መጀመሪያ «ኩላሊቴ የቆመው ድንገት ነው ወይስ ቆይቶ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቆይቶ ነው» ከተባላችሁ፣ ክንድ ላይ ስለሚሠራው ፊስቱላ ቶሎ አንሱ፤ ሁለት የደም ሥሮችን በቀዶ ሕክምና አገናኝቶ የእጥበት መርፌ የሚገባበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው። ጠንክሮ ለመርፌ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። በዚያ ክንድ ደም አይቀዳ፣ ግፊትም አይለካ።