«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም»

ከሥራ የተባረረ፣ ቪዛ የተከለከለ፣ እጮኛው ጥላው የሄደች ሰው ሁሉ ይህችን አባባል ይሰማታል፦ «አይዞህ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም!» የደረሰብህ ነገር እግዜር የተቆጣህ ያስመስላል፤ ከጀርባው ግን መልካም ነገር ተዘጋጅቶልሃል ማለት ነው።

የበቀለችው ከድግስ ባህላችን ነው። ድግስ በአንድ ቀን አይደርስም። ብቅሉ ይበቅላል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጠላው ይጠነሰሳል። ያን ጊዜ ተጋባዡ ምንም አያውቅም። ሌላም አለ። የተጣላኸው ሰው ለድግሱ አይጠራህም፤ ሽማግሌ ካላስታረቃችሁ በቀር ደጁን አትረግጥም። አባባሉ ይህን ገለበጠው፤ የተጣላህ የመሰለህ እሱ ራሱ ደጋሽህ ነው። ድፍረቱ ደስ ይለኛል።

ችግሩ፣ ድግስ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው የተሻለ ደመወዝ ወይም የተሻለ ቤት ነው። ለምሳሌ ለታመመ የቤተ ክርስቲያን መሪ ይህ ስሌት አይሠራም።

ባሕር ዳር ወይም ዘጌ ያሉ አንድ የደብር አስተዳዳሪ ቄስ አስቡ። ጠዋት ኪዳን ያደርሳሉ፣ ይቀድሳሉ። ከሰበካ ጉባኤው ጋር ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ ይከራከራሉ። ከሰዓት ፍትሐት አለ፤ ማታ ደግሞ የተጣሉ ባልና ሚስት ይጠብቋቸዋል። ድንገት ይታመማሉ። ከተማ ከሆነ ተተኪ አይጠፋም። ገጠር ወይም የጣና ደሴት ላይ ከሆነ ግን ጭንቅ ነው። ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ሲጎድል ሊታጎል ይችላል። ስለዚህ አባን አልጋ ላይ የሚያስጨንቃቸው ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ «እኔ ከሌለሁ ማን ይቀድሳል?» የሚለውም ነው።

ለእኔ ድግሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለሰው ሲጸልዩ የኖሩ ካህን የራሳቸውን ጸሎት በጥድፊያ የሚያደርሱበት ቀን ብዙ ነው። ስልክ ይጮኻል፣ ሰው በር ላይ ቆሟል። ሲተኙ ያ ሁሉ ይቀራል። ውዳሴ ማርያሙን ሳይቸኩሉ ይደግማሉ። መዝሙረ ዳዊት 40 (በሌላው አቆጣጠር 41) እግዚአብሔር የታመመውን ሰው መኝታ እንደሚያነጥፍለት ይናገራል፤ ለስንቱ ሕመምተኛ ያነበቡት ቃል አሁን ለራሳቸው ሆነ። ማንበብ ሲያቅታቸው ደግሞ ሌላው ይጸልይላቸዋል። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። የቀንዲል ጸሎት መሠረቱ ይኸው ነው። ሌላውን ሲቀቡ የኖሩ ቄስ ዛሬ ተቀቢ ናቸው። ለመሪ ሰው ከመስጠት ይልቅ መቀበል ይከብደዋል መሰለኝ።

እስከዚያው ከኋላ የቆመው ወጣት ቄስ ወደ ፊት ይመጣል። አባ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ከአልጋቸው ይሰሙታል። ዜማው ደህና ከሆነ ደስ ይላቸዋል፤ በጣም ደህና ከሆነ ደግሞ ትንሽ ቅር ሳይላቸው አይቀርም። ሰው ናቸው።

በጸሎት መደገፍ ሲባል ሐኪም መተው ማለት አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጸለየ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ኢሳይያስ ግን ቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዝዟል። ጸበል ጠጥተው ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወረፋ የሚይዙ ቄስ እምነታቸው አልጎደለም።

ደግሞም አባባሉ «ትድናለህ» አይልም። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነበር። ስለዚህ ጠያቂ ሆናችሁ ስትገቡ ይህችን አባባል ለመወርወር አትቸኩሉ። ሕመም ለበረታበት ሰው ተግሣጽ ትመስላለች። «እግዜር ይማርዎ አባ» ይበቃል። እሳቸው ራሳቸው ካነሷት ያን ጊዜ ሌላ ነው፤ ድግሱ ምን እንደሆነ ጠይቋቸው።