ባለቅርጽ ሸራ ምንድን ነው?

ሥዕል ሲባል ቶሎ የሚመጣልን አራት ማዕዘን ነው። ሠዓሊው የሚጨነቀው ለመሃሉ ነው፤ ጠርዙ አስቀድሞ ያለቀለት ጉዳይ ነው። ባለቅርጽ ሸራ ይህን ይገለብጠዋል። ውስጡ የተሣለው ነገር ጠርዙ ምን እንደሚመስል ይወስናል።

ሠዓሊው ኤልስዎርዝ ኬሊ ቀደም ብሎ ሞክሮታል። እስከ ጥግ የወሰደው ግን አሜሪካዊው ፍራንክ ስቴላ ነው። በ1936 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ማሳቹሴትስ ተወለደ፣ ፕሪንስተን ታሪክ አጠና፣ በ1958 ኒው ዮርክ ገባ። ቤት እየቀባ ይኖር ነበርና ሥዕሉንም የሠራው በዚያው የቤት ቀለምና ብሩሽ ነው። ጥቁር መስመር፣ ከጎኑ ሌላ ጥቁር መስመር፣ በመካከላቸው ሳይቀባ የቀረ ቀጭን የሸራ ክፍተት። በቃ! በ1959 መጨረሻ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሞማ ሥዕሎቹን ሲሰቅላቸው ገና 23 ዓመቱ ነበር።

ዋናው ነገር የመጣው በ1960 በአልሙኒየም ቀለም ሲሠራ ነው። መስመሮቹ ቀጥ ብለው ይመጡና ትንሽ ታጥፈው ይቀጥላሉ፤ ስለሚታጠፉም ጥጉ ወይም ጎኑ ላይ መስመር የማይገባበት ትርፍ ቦታ ይቀራል። ሌላው ቢሆን አንድ ነገር ይሞላበት ነበር። ስቴላ ግን ቦታውን ጭራሽ አስወጣው፣ ሸራው የሚወጠርበትን እንጨት ራሱን እዚያ ጋ ጎደል አድርጎ አሠራው። ቀጥሎ በመዳብ ቀለም የሠራቸው ደግሞ የ‹ኤል›፣ የ‹ቲ› እና የ‹ዩ› ፊደል ቅርጽ ያዙ።

ለምን? ሥዕሉ ሌላ ዓለም የሚታይበት መስኮት እንዲሆን አልፈለገም። ግድግዳ ላይ ያለ ዕቃ ነው፣ የምታየው ያንኑ የምታየውን ነው፤ በ1964 ሬዲዮ ላይ ያለውም ይህንኑ ነው።

በ1970 ሞማ የእስከዚያው ሥራውን ሰብስቦ ሲያሳይለት 33 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ ከግድግዳው ወደ ተመልካቹ መውጣት ጀመረ። ናዚዎች ያወደሟቸውን የፖላንድ የእንጨት ምኩራቦች መነሻ አድርጎ እንጨትና ካርቶን እየደራረበ ሠራ። በኋላ ብረቱ ተጠማዘዘ፣ ቀለሙ ተትረፈረፈ፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ለእኔ ይበዛብኛል፣ ጠርዙ ከተለቀቀ ወዲያ ግን ሐውልት ላይ መድረሱ አይገርምም።

ስቴላ በ2024 በ87 ዓመቱ አረፈ። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ ‹ፕሪንዝ ፍሪድሪኽ ፎን ሆምቡርግ› የሚባለው ትልቁ ሐውልቱ ናሽናል ጋለሪ ምሥራቅ ሕንፃ ደጅ ላይ ነው፤ ለማየት ወደ ውስጥ መግባትም አያስፈልግም።