«ከመሞት መሰንበት» እና የአቫሎኑ ጊታር ተጫዋች

«ከመሞት መሰንበት!» ልጇ ከዓረብ አገር በሰላም የገባችላት እናት እንዲህ ትላለች። ቀረ ብሎ የተወው ነገር ሲሆን ያየ ሽማግሌም ይለዋል። የሞተ ምንም አያይም፣ የቆየ ግን አንድ ቀን ያያል ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ የቃሉን ሥር እወደዋለሁ። «መሰንበት» የመጣው ከ«ሰንበት» ነው፤ ሰንበትን በሰንበት ላይ እየደረቡ መቆየት ማለት ነው። «እንደምን ሰነበትክ?» የምንለውም ከዚያው ነው።

ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት ነው። ብሉዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ከሚወዱት እንኳ ብዙዎቹ አያውቁትም፣ ያሳዝነኛል። ያደገው ሚሲሲፒ በተባለችው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ አቫሎን በምትባል ትንሽዬ መንደር ነው፤ ገበሬ ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. ኦኬህ የሚባል የሸክላ ኩባንያ መጀመሪያ ሜምፊስ፣ ቀጥሎ ኒውዮርክ ላይ አስቀረጸው። ሸክላዎቹ እምብዛም አልተሸጡም። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ በዚያ ትልቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ተመታች፤ ኸርትም ወደ እርሻው ተመልሶ፣ ለመንደሩ ሰው እየተጫወተ፣ ማንም ሳይቀርጸው 34 ዓመት ኖረ። በሰንበት ስንቆጥረው 1,800 ገደማ ነው!

ከመረሳት ያወጣው የገዛ ዘፈኑ ነው። ኒውዮርክ ሳለ አገሩ ናፍቆት «አቫሎን ብሉዝ»ን ቀርጾ ነበር፤ የመንደሩን ስም እዚያ ላይ ይጠራዋል። በ1963 ቶም ሆስኪንስ የሚባል ወጣት ዘፈኑን ሰማና አቫሎንን አሮጌ ካርታ ላይ ፈልጎ አገኛት፣ ተነስቶም ሄደ። ኸርት ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እንግዳው ከአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) የመጣ መስሎት ደንግጦ ነበር። በዚያው ዓመት ኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል የሚባለው የባህል ሙዚቃ ድግስ መድረክ ላይ ወጣ፣ እንደገናም ተቀረጸ። በ1966 አረፈ። ሦስት ዓመት ነው ያገኘው፣ ግን አየ።

«ካንዲ ማን» የሚለውን ዘፈኑን የ1928ቱንና የ1963ቱን ቅጂ አከታትላችሁ ስሙልኝ። አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች ሳይቸኩል እየተመላለሰ ይመታል፤ ሌሎቹ ጣቶች ቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ይለቅማሉ፣ ሁለት ሰው የሚጫወት ነው የሚመስለው። በሁለተኛው ላይ ድምፁ አርጅቷል። አውራ ጣቱ ግን ያው ነው።