«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»፦ ትርጓሜውና መነሻው

ከተማ ውስጥ ይህ አነጋገር የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በሕልመኛ ላይ ለመሳቅ ነው። የሎተሪ ቲኬቱን ኪሱ ከትቶ ገና ዕጣው ሳይወጣ ቤት የሚሠራ፣ መኪና የሚገዛ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» ይባላል። ይህ አጠቃቀም ስሕተት ነው ባይባልም ጎደሎ ነው፤ ምክንያቱም የአነጋገሩ ቃላት የሚናገሩት ስለ ሌለ ላም ሳይሆን ስላለች ላም ነው። ከብት በሚሸጥበትና በሚገዛበት፣ መሬት በሚታረስበት አገር ያሉ ሰዎች ሲናገሩት ደግሞ ክብደቱ ሌላ ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። ተናጋሪው «ላም ባገኝ» ወይም «ላም በኖረኝ» አይልም፤ «አለኝ» ይላል። ባለቤትነቱን አልካደም፣ ሌላም ሰው አልካደበትም። የጎደለው ወተቱ ነው። ሰዋስውን የሚያጠብቁ ሰዎች «ላም እንስት ናትና አለችኝ መባል አለበት» ብለው ሲያርሙ ይሰማል፤ እውነትም ሁለተኛው ሐረግ «ወተቷን» ብሎ እንስትነቷን ያስታውሳል፤ ነገር ግን «አለኝ» በሕዝብ አፍ ጸንቶ ኖሯል፣ ለጆሮም የሚስማማው እርሱ ነው። «አላይ» የሚለው ግስ ዛሬ በንግግራችን በአሉታ ሲነገር («አላይም») የሚጨምረውን «ም» አለመያዙም የግጥምና የተረት ጠባይ ነው። ይህን አነጋገር የወለደው አንድ የታወቀ ታሪክ ወይም አንድ ብልህ ሽማግሌ ሳይሆን፣ «ሰማይ» እና «አላይ» ቤት መምታታቸውና ከብት አርቢ ሕዝብ በየዕለቱ የሚያየው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን ላም ሆነች? በሬም እኮ ሀብት ነው። የበሬ ጥቅም ግን የወቅት ነው፤ በእርሻና በውቂያ ጊዜ ይታያል፣ በሌላው ጊዜ ተኝቶ ያመሰኳል። ላም ግን ጠዋትና ማታ ትታለባለች። ስለዚህ ላም ኖሮት ወተቷን የማያይ ሰው ጉድለቱን በቀን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። አዲስ ቤት ለሠራ ሰው «እንቦሳ እሠሩ» ተብሎ የሚመረቀውም ከዚሁ አስተሳሰብ የተነሣ ነው፤ እንቦሳው ደጅ ላይ ከታሰረ እናቱ ማታ ወደዚያው ደጅ መመለሷ አይቀርም። ሰማይ ላይ ያለች ላም ጥጃዋ የሚታሰርበት ካስማ የላትም።

አነጋገሩ በደንብ የሚገባኝ ስለ ርቢ ሳስብ ነው። የግጦሽ ቦታ ያነሰው፣ እረኛ የሌለው ወይም አቅሙ የደከመ ባለላም ላሟን ለሌላ ገበሬ በርቢ ይሰጣል። ዝርዝሩ እንደየአካባቢው ልማድ ቢለያይም፣ ወተቱና ፍጉ ለጠባቂው ሆኖ የሚወለደው ጥጃ ለሁለት መካፈሉ የተለመደ ነው፤ እናቲቱ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀራለች። በጣና ምሥራቅ ባለው በፎገራ ሜዳ ይህን መገመት አያስቸግርም። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራ ናት፤ ይሁን እንጂ በሜዳው ላይ ሩዝ እየተስፋፋ ሲሄድ ከብት ይሰማራበት የነበረው መስክ ጠቧል፣ ከብቱን የሚያሳድርበትና የሚያሰማራበት ያጣም ብዙ ነው። ላሚቱ ሌላ መንደር ከወረደች በኋላ ባለቤቷ ስለ እርሷ የሚያውቀው በወሬ ነው። «ወለደች» ይባላል፣ ቀጥሎ «ጥጃው ሞተ» ይባላል። ጥጃው ሞተ ሲባል ቆዳውን ለማየት የሚጠይቅ ባለላም ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ ሚስቱ ልጆቿን በደረቅ እንጀራ ስታበላ «እንግዲህ የእኛስ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ» ብትል፣ ይህ ቅኔ ሳይሆን የቤቱ ሒሳብ ነው።

በመሬት ላይ ደግሞ አነጋገሩ ከዚህም ይረዝማል። በጎጃምና በጎንደር በቀድሞው የርስት ሥርዓት አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም፣ በአያቶቹም በኩል እየቆጠረ በብዙ ቦታ ርስት የመጠየቅ መብት ነበረው። በዘር ቆጠራ የሚገባው መሬት በእጁ ካለው መሬት ብዙ እጥፍ የሚበልጥበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። እየተሟገተ ዕድሜውን የጨረሰ ባለርስት «በእገሌ አገር መሬት አለኝ» ሲል አልዋሸም፤ የዚያን አገር ጤፍ ግን ቀምሶት አያውቅም። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ክርክር ከሥሩ ነቀለው፤ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው ብሎ ደነገገ። ዛሬ ገበሬው እጅ ያለው ይዞታ ነው፤ ያርሰዋል፣ ያወርሰዋል፣ ለጊዜው ያከራየዋል፣ አይሸጠውም። በሬውን ግን በፈለገው ቀን ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። በአንድ ጎጆ ውስጥ ካሉት ሁለት ትልልቅ ሀብቶች አንዱ ዋጋ ሲቆረጥለት ሌላው አይቆረጥለትም።

ይሁን እንጂ መሬት አይሸጥም ማለት ከእጅ አይወጣም ማለት አይደለም። የቆየ ስም ያለው አንድ ውል አለ፤ ወለድ አገድ ይባላል። ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ለሠርግ፣ ለሕክምና ወይም ለሞተበት በሬ ምትክ ይበደርና፣ አበዳሪው በወለድ ፈንታ መሬቱን ያርሳል፤ ዋናው ብድር ተሟልቶ እስኪመለስ ድረስ ምርቱ የአበዳሪው ነው። ችግሩ ግልጽ ነው፤ ብድሩን ይከፍልበት የነበረው እህል የሚበቅለው እዚያው አበዳሪው በያዘበት መሬት ላይ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ በሳጥን ውስጥ አለ፤ ስሙ፣ ፎቶግራፉ፣ አዋሳኞቹ ሁሉ ተጽፈውበታል። ሰውዬው ግን በራሱ ማሳ ዳር ሲያልፍ የሌላ ሰው በሬ ሲያርስበት ቆሞ ያያል። ይህች ላም ሰማይ ድረስ እንኳ አልራቀችም፤ በዓይን ትታያለች፣ ወተቷ ብቻ አይታይም።

እኩል፣ ማለትም መሬትን ለሌላ አራሽ ሰጥቶ ምርቱን መካፈል፣ ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም። በሬ የሌላት ባልቴት ሁለት ጥማድ መሬቷን ለእኩል አራሽ ብትሰጥ፣ በመኸር ከአውድማው ድርሻዋን ትካፈላለች፤ ድርሻዋ ያንስ ይሆናል እንጂ ወተቷን አይታለች። ይህ አነጋገር ለእርሷ የሚሆነው አራሹ በሌሊት ወቅቶ እህሉን ያሸሸባት እንደሆነ ነው።

ይህን ተረት ከ«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ጋር የሚያምታቱም አሉ። በኋለኛው ላይ የሚሳቀው በለቃሚው ነው፤ ላም ያልዋለችበትን መስክ ኩበት ፍለጋ ስለሚዞር ሞኝነቱ የራሱ ነው። በፊተኛው ግን ባለላሙ ሞኝ ላይሆን ይችላል፤ ተበድሎ፣ ተቸግሮ ወይም በሰው ተማምኖ ሊሆን ይችላል። ተናጋሪው ራሱ «አለኝ» እያለ በአንደኛ መደብ መናገሩን ልብ ይሏል። ተረቱ በመጀመሪያ የተሠራው በሌላ ሰው ላይ ለመዘበት ሳይሆን የራስን ብሶት ለማሰማት ይመስለኛል፤ ፌዙ በኋላ የመጣ ነው።

የከብት ገበያው ሥርዓት ደግሞ ላሚቱ ሰማይ እንዳትወጣ የተበጀ ነው ቢባል አያስኬድም አይባልም። ደላላው የሁለቱን እጅ ያያይዛል፣ እማኝ ይቆማል፣ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። ዋጋው ካልሞላ ቀብድ ይያዛል፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪ ቢያፈርስ ቀብዱን እንዲያጣ፣ ተቀባይ ቢያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ያዛል። ልምድ ያለው ገዢ ግን ቀብዱን ከማውጣቱ በፊት የላሚቱን ጥርስ ያያል፣ ጡቷን ይዳብሳል፤ ጡቷ ሞልቶ ቢያገኘው እንኳ አይታለልም፣ ማታ ሳትታለብ አድራ ሊሆን ይችላልና። «እስቲ ትታለብ» ይላል። ሻጩ ካቅማማ ገዢው ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሌላዋ ያልፋል። ይህን ሁሉ ትቶ፣ «ቤት ነው ያለችው፣ ነገ አመጣታለሁ» ለሚል ሻጭ ገንዘቡን ያስረከበ ሰው የተገኘ እንደሆነ፣ ጓደኞቹ «ላምህ ወዴት ናት?» እያሉ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋሉ።