ካፒቴኑ ሲሳሳት ማን ይናገራል? ስለ ነባር አብራሪዎች የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳር፣ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ሰው ሸኝቶ የሚመለስ ሁሉ ስለ አብራሪ የሚያወራው አያጣም። ከወሬው ግን መታረም ያለበት አለ።

«የሚያበረው ካፒቴኑ ነው፤ ረዳቱ አጃቢ ነው።»
እኛ ጎጃሞች ይህን ለማመን አንቸገርም። ቅኔ ቤት ገብቶ የኔታን የሚያርም ተማሪ ማን አይቷል? አየር ላይ ግን ዝምታ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ለመነሣት የተንደረደረው የኬኤልኤም (የሆላንድ አየር መንገድ) ካፒቴን በድርጅቱ የተከበረ አሠልጣኝ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንገዱ ስለ መውጣቱ ተጠራጥሮ ጠየቀ፤ ካፒቴኑ አስረግጦ «ወጥቷል» ሲለው ጥያቄውን አልደገመም። በዓመቱ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ፖርትላንድ አቅራቢያ አንድ የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-8 አውሮፕላን ሠራተኞቹ ከጎማው ችግር ጋር ሲታገሉ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ 10 ሰው ሞተ። ሲአርኤም የሚባለው የቡድን ሥራ ሥልጠና የተወለደው ከእንዲህ ያለው አደጋ ነው፤ ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ1981 ጀመረው።

«ሥልጠናው የካፒቴኑን ሥልጣን ይቀማል።»
አይቀማም፤ የመጨረሻው ውሳኔ ዛሬም የእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የዩናይትዱ ካፒቴን አል ሄይንስ ዲሲ-10 አውሮፕላን መሪውን የሚያንቀሳቅሰውን የሃይድሮሊክ ኃይል በሙሉ ሲያጣ፣ ተሳፋሪ ሆኖ የተቀመጠ አንድ አሠልጣኝ አብራሪ ተጠርቶ የሞተሮቹን ኃይል መቆጣጠሪያ ያዘ። ከ296 ሰው 184ቱ ተረፉ። ሄይንስ ራሱ ለዚህ ያመሰገነው ሥልጠናውን ነው።

«ነባሮቹ አዲስ ነገር ይጠላሉ።»
ይህ ፍርድ ይከብዳል። የመጀመሪያዎቹ ኮርሶች ከኩባንያ ሥራ አስኪያጆች ሥልጠና የተቀዱ፣ ስለ ጠባይ የሚያወሩና ጨዋታ የበዛባቸው ነበሩ። ሽማግሌዎቹ አብራሪዎች ቢያፌዙባቸው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ እውነት ነበራቸው። ትምህርቱ ወደ ሲሙሌተር (በረራን መስሎ ወደሚያሠራው መለማመጃ) እና ወደ እውነተኛ በረራ ሲጠጋ አብዛኛው አብራሪ ጠቃሚ ነው አለ። ጨርሶ ያልተቀበሉ ጥቂቶችም አልጠፉም፤ የሚያሳዝነው፣ ሥልጠናው ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ብዙ ጊዜ እነሱ መሆናቸው ነው።

«ዛሬ አውሮፕላኑ ራሱ ይበራል።»
ባሕር ዳር ይህን ማለት የለባትም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ አየር ማረፊያ የተነሣ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ርግቦች ገቡ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ጠፉ፤ ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ አረፈ፤ ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚጫኑት ቁልፍ የለም።

መሣሪያ አይረባም ማለቴ አይደለም። ጮቄን የሚያህል ከ4000 ሜትር በላይ ተራራ ባለበት አገር፣ በደመና ውስጥ «መሬት ቀረበ» ብሎ የሚጮህ ማስጠንቀቂያን የሚንቅ ሞኝ ነው። የነባሮቹ ስጋት ሌላ ነው፤ አውቶፓይለት (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ) የለመደ እጅ ይዝላል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኤር ፍራንስ 447 የፍጥነት መለኪያዎች በበረዶ ሲደፈኑ አውቶፓይለቱ ተላቀቀ፤ አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቅቷቸው 228 ሰው አትላንቲክ ውስጥ ቀረ። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2013 አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን በእጅ እንዲያበሩ እንዲያበረታቱ መክሯል።